የእማማ የሺ የቁም ለቅሶ

ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ሙዚቃ ያውቃል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ ደባርቅ ውስጥ ቴፕ ነበረኝ። ቴፕ ስላችሁ ተራውን እንዳታስቡ። ባለ ሁለት ካሴት ነው። ግንባሩ ላይ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ አምስት የድምፅ ማስተካከያዎች አሉት፤ ወፍራሙን ድምፅ ለብቻ፣ ቀጭኑን ለብቻ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ሌላው ባለ ቴፕ ማስተካከያዎቹን አንዴ መሐል ላይ አቁሞ ይረሳቸዋል። የኔ ጣት ግን አያርፍም። ዜና ሲነበብ እንኳ አንዱን ሳብ፣ ሌላውን ገፋ አድርጌ፣ «አንባቢው ዛሬ ደረቱ ላይ ትንሽ ጎድሎታል፤ ሞላሁለት» እል ነበር። አብረውኝ የሚሰሙት ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሚነቀንቁት ገብቷቸው አይደለም፤ ጠላውን የምጋብዛቸው እኔ ስለሆንሁ ነው።

ሥራዬ በግ መከተብ ነበር። በግ ደግሞ በየቀኑ አይከተብም። በአንዱ ክትባትና በሚቀጥለው መሐል ሰፊ ጊዜ ይተርፋል፤ ሰፊ ጊዜና ቴፕ ያለው ወንደላጤ ለአገር ስጋት መሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። ለስንቱ ነገር መመሪያ ይወርድ በነበረበት ዘመን ለዚህ ለዚህ መመሪያ መጥፋቱ ይገርመኛል።

የምኖረው እማማ የሺ ግቢ ውስጥ በተሰጠችኝ አንዲት ክፍል ነው። እማማ የሺ የገብስ ጠላ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ቁመታቸው አጠር፣ ምላሳቸው ዘለግ ያለ ነው። ከገበያ የመጣ ገበሬ በቅሎውን እሳቸው በር ላይ ካላሰረ ደባርቅ የገባ አይመስለውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበጎቼ ስመለስ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ተዝካር ላወጣ ነው» አሉኝ።

«የማንን?»

«የኔን ነዋ! የማንን ላወጣ ኖሯል?»

የቁም ተዝካር ባገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትሁ በኋላ ማን ያስበኛል የሚል ሰው፣ በሕይወት ሳለ ጠላውን ጠምቆ፣ በጉን አርዶ፣ ካህናቱንና ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ተዝካሩን በዓይኑ ዐይቶ ያርፋል። ስለዚህ «እግዜር ያስጀምርዎ» ብዬ ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዝካሩስ ይወጣል። ያሳሰበኝ ለቅሶው ነው። ባሌ ሲሞት እኔ አለቀስሁ። እኔ ስሞት ማነው የሚያለቅሰው? ጎረቤት ይመጣል፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ይሄዳል። እስቲ በዚች ምድር ሳለሁ አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሰው የሺ ብሎ ሲያለቅስልኝ ሰምቼ ብሞት ምናለበት? ያንተ ሳጥን ድምፅ ይይዝ የለም?»

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ቢሆን «ኧረ እማማ፣ እድሜዎን ያርዝመው» ብሎ ነገሩን ያበርደው ነበር። እኔ ግን የተጠየቅሁት ስለ ቴፔ ነው። ስለ ቴፔ ተጠይቄ አስተዋይ ሆኜ አላውቅም። «ስንት ሰው እንዲያለቅስልዎ ይፈልጋሉ?» አልኋቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እማማ የሺ ለኔ የሚቀዱት ጠላ ከጋኑ አፍ ላይ ሆነ።

የመጀመሪያው እንቅፋት የነፍስ አባታቸው መምሬ አድማሱ ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። «ለቁም ሰው ይለቀሳል እንዴ? ከየት ያመጣሽው ሥርዓት ነው?»

«ሰው አያለቅስም አባቴ፤ ሳጥኑ ነው የሚያለቅሰው» አሉ እማማ የሺ።

መምሬ ቴፑን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱትና ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸ ክርስትና ተነሥቷል?»

«አልተነሣም አባ።»

«እንግዲያ ሕግ የለበትም። ያልተጠመቀ ቢያለቅስ ቢዘፍን ማን ይጠይቀዋል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቅዳሴስ ይይዛል?»

«በደንብ ይይዛል።»

«ድምፅን... ወፈር ማድረግ ይቻላል ነው የምትለው?» የመምሬ ድምፅ እጅግ ቀጭን ነበር። ይቻላል አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ ከቤተ ክህነት በኩል ተቃውሞ አልቀረበም።

አልቃሿ እትየ ብርቄ ናት። እትየ ብርቄ የምትኖረው ዳባት ነው። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ እሷ ሙሾ ያላወረደችለት ሰው ቢቀበርም እንደሞተ አይቆጠርም ነበር። ከእማማ የሺ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ ወዳጅነታቸውም ሁልጊዜ በመነታረክ የሚገለጽ ነው። በጭነት መኪና ላይ ተጭና መጥታ ገና ከመውረዷ፣ «ሬሳው የታል?» አለች።

«ይኸው!» አሉ እማማ የሺ ደረታቸውን ነፍተው።

እትየ ብርቄ ከታች እስከ ላይ ዐየቻቸው። «እንዲህ ወፍረሽማ እንባ አይመጣልኝም» አለች። በመጨረሻ የእማማ የሺን ካባ መደብ ላይ ዘርግተን፣ በዚያ ፊት እንድታለቅስ ተስማማን። ሦስት የጎረቤት ሴቶች ተቀባይ ሆኑ። የቴፑን ማይክ በእጇ እንድትይዝ ብሰጣት፣ «ደረቴን በምን ልምታ ታዲያ?» ብላ መለሰችልኝ። እውነትም ደረቱን የማይመታ አልቃሽ የለም። ማይኩን ከጣራው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠልሁት።

መቅዳቱ ሊጀመር ሲል እማማ የሺ መመሪያ መስጠት ጀመሩ። «ጠላዬን እንዳትረሺ።»

«ይነሣል።»

«ደግነቴንም።»

«ይነሣል አልሁሽ።»

«መልኬንስ?»

እትየ ብርቄ ነጠላዋን መታጠቋን ትታ ቀና አለች። «የሺ፣ እኔ የምዋሸው ለሬሳ ነው። ሬሳ አይሰማም፣ አይታዘብም። ቁጭ ብሎ ለሚሰማኝ ሰው አልዋሽም።»

በዚህ ተኮራርፈው ግማሽ ቀን አለፈ። እኔ በመሐሉ ማስተካከያዎቼን እወለውል ነበር።

አሁን ስለ ባትሪ ድንጋይ ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ባትሪ ከደባርቅ ገበያ ጠፍቶ ነበር። መብራቱም ሲያሰኘው የሚመጣ፣ ሲያሰኘው የሚሄድ እንግዳ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ፤ ያለቁትን ባትሪዎቼን አውጥቼ፣ ከበርበሬው ጎን ሰፌድ ላይ ደርድሬ ፀሐይ አሞቅኋቸው። ፀሐይ የሞቀ ባትሪ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ጧት ጧት ብርቱ ነው፣ ውሎ ሲያድር ግን ይደክመዋል። የደባርቅ ብርድ ደግሞ ሽማግሌ አይወድም።

ቀረጻው ተጀመረ። እትየ ብርቄ አንዴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣

«በሯ የማይዘጋ ጓዳዋ ማይጎድል፣
የሺ ከሄደችማ ማን እንግዳ ይቀበል» ስትል፣ ሦስቱ ሴቶች «ወየው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። የካባው ባለቤት ከበስተጀርባዬ ተቀምጠው «እሰይ!» አሉ። እሰይ የሚል ሟች ካሴት ላይ መግባት የለበትምና አጥፍቼ እንደገና አስጀመርሁ። እንደገና ስንጀምር ዶሮ ጮኸ። ዶሮውን አስወጥተን ስንጀምር የአዲ አርቃይ አውቶብስ ጥሩምባውን ነፋ። በመጨረሻ ሁሉም ሰምሮ፣ ለቅሶው ልብ የሚነካበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከውጭ የቀበሌው ሊቀመንበር በድምፅ ማጉያው፣ «ነገ ስብሰባ ላይ ያልተገኘ እርምጃ ይወሰድበታል!» አለ። ጥርት ብሎ ገባ።

ላጠፋው ስል እማማ የሺ እጄን መቱኝ። «ተው! ይኸ ይቆይ። እንዲህ ካልተባለ ለቀብሬ ማን ይመጣል?»

ቀጥሎ የኔ ጥበብ መጣ። የመጀመሪያው ካሴት የተቀዳውን ሲያሰማ፣ ሁለተኛው ያንኑ ከአዲስ ድምፅ ጋር ደርቦ ይቀዳል። ሦስቱን ሴቶች በላያቸው ላይ ደግሜ ደጋግሜ ደረብኋቸው። አንዴ ከማይኩ ፊት፣ አንዴ ከበሩ አጠገብ፣ አንዴ ደግሞ ከሩቅ እንዲመስል ከጋኑ ኋላ አቆምኋቸው። ሦስት ሴት ገብታ አንድ ቀበሌ ሆና ወጣች። የደረቱን ምት ለማጉላት የወፍራሙን ድምፅ ማስተካከያ እስከ ጥግ ገፋሁት። ከዚያ «እስቲ ስሙ» ብዬ ከፈትሁት።

ደነቀን። የእትየ ብርቄ ድምፅ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ሆኖ ነበር። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለች አፏን በነጠላዋ ይዛ። «እርስዎማ ነዎት፣ እኔ ትንሽ ጨመር አድርጌበት ነው» አልኋት ማስተካከያውን በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ። በደስታዬ አንቱ ማለቴን እንኳ ያወቅሁት በኋላ ነው። ወፍራሙን ድምፅ የሠራሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ባትሪው እየደከመ፣ ካሴቱን መጎተት አቅቶት እያዘገመ መሆኑ በሐሳቤም አልመጣ።

እማማ የሺ ብቻ አንድ ነገር ከነከናቸው። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራረብ ካሴቱ ሽሽ ማለት ያበዛል። «ይኸ ከኋላ የሚሰማው ምንድን ነው? ዝናም ነው?»

«የካሴቱ ድምፅ ነው፣ እማማ።»

«ዝናም ነው እንጂ! በክረምት እንድሞት ፈረድህብኝ? በሐምሌ ጭቃ ማን ይወጣልኛል?» ቀጭኑን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ዝናሙን አባራሁላቸው። ሊሰሙ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ቴፑ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ቀጥ አለ። ባትሪው ሞተ።

«ይቁም» አሉ። «ብቻዬን የሰማሁት ለቅሶ ለቅሶ አይደለም። የተዝካሬ ዕለት ሰው ባለበት እሰማዋለሁ።» ይህን ሲሉ ቀልዳቸው ሁሉ ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ።

የተዝካሩ ዕለት ግቢው ሞላ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ከላይ ተቀመጡ። ጓድ ሊቀመንበሩ፣ ያ የድምፅ ማጉያው ባለቤት፣ ተዝካር ብክነት ነው እያለ ሲያስተምር ከርሞ፣ ብክነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመቆጣጠር መጣ። ለቁጥጥር ከሚያመቸው ከጋኑ አጠገብ ተቀመጠ። ነጋዴው ሐጂ ይመርም መጡ። የራሳቸው ምግብ ለብቻ ተሰናድቶላቸው ነበር። ከጋቢያቸው ሥር አዲስ ባትሪ አውጥተው ሰጡኝና፣ «ለየሺማ አሮጌ ድንጋይ አይሆንም፤ ደብቄ ያቆየሁት ነው» አሉኝ። መርቄ ተቀበልሁ። ደግነት እንዲህ ጉድ ሲሠራ ዐይቼ አላውቅም።

እማማ የሺ መደቡ ላይ፣ በዚያው ካባቸው ውስጥ ሆነው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ ቴፑን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አኖርሁና ከፈትሁት።

መጀመሪያው ያማረ ነበር። ባትሪው ገና ብርቱ ሳለ የተቀዳ ነውና ከእውነተኛው ብዙም አልራቀም። ሰው ዋንጫውን አስቀመጠ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። እማማ የሺ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀጥሎ ግን ሙሾዋ ፈጠን አለች። ባትሪ ሲደክም በተጎተተ ካሴት ላይ የተቀዳ ነገር፣ ጉልበት ባለው ባትሪ ሲሄድ እንዴት እንደሚሮጥ ያን ዕለት ተማርሁ። እትየ ብርቄ ቀጠነች። ቀጥላ ኮረዳ ሆነች። «ወየው» የሚሉት ሴቶች እልል የሚሉ መሰሉ። ደረት የሚመታው ድም፣ ድም፣ ድም ከበሮ ሆነ። ደንግጬ ድምፁን ላወፍረው የወፍራሙን ማስተካከያ ስገፋ ከበሮው ባሰበት! ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ከአምባራስ የመጣ አንድ ገበሬ ትከሻው ነቀነቅ አለ። ጎኑ ያለው ጎሰመው። ከዚያ የጎሰመውም ትከሻ ሄደ። ሰው እንዳይስቅ ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻው ግን አልታዘዘው ብሎ፣ ተዝካሩ በተቀመጠበት እስክስታ ወረደ። መምሬ አድማሱ ጭራቸው በምቱ ልክ መወዛወዝ መጀመሯን ሲያዩ በሌላው እጃቸው ያዟት።

በዚህ መሐል ነው ካሴቱ ውስጥ አንድ ጫጩት በቁጣ፣ «ነገ ስብሰባ ላይ ያልተገኘ እርምጃ ይወሰድበታል!» ያለው።

 እስክስታው በያለበት ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ጋኑን ዐየ፤ ጋኑን ማለቴ አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። ቴፑን ዘጋሁት። ጓድ ሊቀመንበሩ ዋንጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ማነው ይኸ?»

 እማማ የሺ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አንተ ነሃ» አሉ።

«የኔ ድምፅ እንዲህ ነው?» ከመቆጣት ይልቅ የተጨነቀ መሰለ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ጓድ፤ ለሕዝብ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሰማው?»

«የባትሪው ጥፋት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ። «በጣም ብርቱ ሆኖ ነው።»

«አድኃሪ ባትሪ በለኛ!» አለና ራሱ ቀድሞ ሳቀ። እሱ ከሳቀ ማን ይቀራል? ታፍኖ የቆየው ሳቅ ሁሉ ፈነዳ። ገበሬው እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ሐጂ ይመርም ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ። እኔም መትረፌን ሳውቅ ሳቅሁ።

ኋላ እማማ የሺን ዐየኋቸው።

አልሳቁም። ካባቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ጉልበታቸውን ይመለከቱ ነበር። ፊታቸው ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ሰው ሲያለቅስላቸው ሊሰሙ፣ አገሩን ሁሉ ጠርተው፣ አገሩ ሳቀባቸው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አፈርሁ፤ ከማፈሬም ይልቅ አዘንሁላቸው።

ከሴቶቹ መሐል እትየ ብርቄ ብድግ አለች። እሷን ያስነሣት ሌላ ነገር ነው፤ ሙያዋ ተዋርዷል። «እኔ ጫጩት ነኝ? እኔ ብርቄ? ስንቱን ጀግና ወደ መቃብር የሸኘሁ ሴት በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቼ ልዝፈን?» አለችና መቀነቷን አጥብቃ፣ ሦስቱን ተቀባዮች በዓይኗ አስነሥታ፣ መሐል ገባች። «አሁን ስሙኝ!»

ስምዋን ልታስመልስ ጀመረች። ድምፅዋ ያለ ማስተካከያ፣ ያለ ባትሪ ቤቱን ሞላው። የጠላውን ግጥም አለችው፤ የእንግዳውን አለችው። ሳቁ ከየአፉ ላይ ጠፋ። አሁን ግን ፊቷ ያለው ባዶ ካባ አልነበረም። በካባው ውስጥ እማማ የሺ ተቀምጠው ቀና ብለው ያዩዋታል።

«አልወለድሽም ብሎ አገሩ ቢያወራ፣» አለች፤ ተቀባዮቹም ጠበቁ።

ሁለተኛው መስመር አልመጣም። ስንት ለቅሶ ላይ ዐይቻታለሁ፤ ሌላውን ታስለቅሳለች እንጂ እሷ አታለቅስም። ያን ዕለት ግን ዓይኗ ከእማማ የሺ ላይ አልነቀል አለ። በድርቁ ዘመን የእትየ ብርቄ ልጆች የከረሙት እዚሁ ቤት፣ እማማ የሺ ገበታ ላይ እንደነበር በቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን አንዳቸውም ስለዚያ ሲያነሡ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

«ያጎረስሽው አፍ ነው ስምሽን የሚጠራ» አለች በመጨረሻ፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ተራ ወሬ። ከዚያ እዚያው መሐል ቤት ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደረቷን አልመታችም። ተቀባዮቹም ወየው ማለቱን ረሱት፤ እነሱም ያለቅሱ ነበር። መምሬ አድማሱ ለቁም ሰው አይለቀስም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ዓይናቸውን ጠርገው ዘጉት።

እማማ የሺ ከመደቡ ወርደው አጠገቧ ተቀመጡ። ትከሻዋን ያዙ። «በቃ ብርቄ። በቃ እንግዲህ፣ አልሞትሁም እኮ» ሲሏት እትየ ብርቄ ጭራሽ ባሰባት።

 ኋላ እማማ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። ጉንጫቸው ርጥብ ነበር።

«ቀዳኸው?»

ቴፑ አጠገቤ ነው። አዲስ ባትሪ አለው፤ ባዶ ካሴትም ነበረኝ። አፌን ከፍቼ ከመቆም በቀር ያደረግሁት ነገር አልነበረም። «አልቀዳሁትም፣ እማማ» አልሁ።

«ተወው። ሰምቼዋለሁ።»

ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡና እንግዶቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ ዋንጫው ሁሉ ደርቋል። እማማ የሺ ሲቆጡ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«በል አሁን ያችን ፈጣኗን ክፈታት» አሉኝ፤ «ሰው ቀዘቀዘብኝ።»